የጋሽ ቸኮል ክዳን

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ዛሬ ሳላስብ ተናገርሁ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ሉሊት ሚስማር ልትገዛ መጥታ፣ በጥር ወር ለሚያሳዩት ድራማ ቀስት የሚሠራ ሰው እንዳጡ ለእትዬ ሸዋረግ ስታወራ፣ እኔ ከሲሚንቶው ከረጢት በስተጀርባ ሆኜ «እኔ እሠራለሁ» አልሁ። ቀስት ሠርቼ አላውቅም። በእጄ ይዤም አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ያየሁት አለ፤ እርሱም ቢሆን ግማሹን ዝናብ አጥቦታል።

ሉሊት ዞር ብላ አየችኝና «አንተ ትችላለህ?» አለች።

«በሀገሬ የተለመደ ነው» አልኋት። በሀገሬ፣ ከአቀስታ ማዶ፣ የተለመደው ወንጭፍ ነው።

ድራማው የራሷ ድርሰት ነው። አንድ አዳኝ ሚዳቋ ሲያሳድድ ሚዳቋዋ ሮጣ ከአንድ ባሕታዊ ካባ ሥር ትገባለች፤ አዳኙም ልቡ ተነክቶ ቀስቱን ይጥልና ይመንናል። ቀስቱ የእውነት መለጠጥ አለበት አለች። ባለፈው ዓመት ለሌላ ድራማ ከሽቦ ያበጁት ቀስት ተጣጥፎ ሕዝቡ ሁሉ ስቆበታል።

ሉሊት ከሄደች በኋላ እትዬ ሸዋረግ «እንዳልክ፣ ይህን ምላስ ከማን ተዋስኸው?» አሉኝ። «ጠዋት ማጠፊያ የጠየቀህን ሰው እንኳ ደንግጠህ ቀለም ሰጥተኸዋል።»

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ገበያ ነበር፤ እግሬ ዝሏል። ጋሽ ቸኮል እንደ ወትሮው ሳንቃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሄዱ።

ይህን ነገር ለራሴም ቢሆን በሥርዓት ልጻፈው፤ ሳስበው ሁልጊዜ ይደበላለቅብኛልና። እኔ በመካነ ሰላም ዘመድ የለኝም። አራተኛ ክፍል ጨርሼ ለቤተ ክህነት ትምህርት ከሀገሬ ወጣሁ፤ እርሱንም ሳልጨርስ አቋረጥሁ። ከቆሎ ተማሪነት ወጥቼ መግቢያ ባጣሁ ጊዜ ለዚህ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዋስ የሆኑልኝ ጋሽ ቸኮል ናቸው። እትዬ ሸዋረግ ያለ ዋስ ሰው አይቀጥሩም። ዋሱ የሞተበት ወይም የካደው ሠራተኛ በዚያው ቀን ቁልፉን ያስረክባል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የሄደው እንዲሁ ነው፤ ዋሱ ከአቀስታ ሲመለሱ ታመው ዐረፉ፣ እርሱ ቀብራቸው ላይ አልቅሶ ሲመለስ በቦታው እኔ ቆሜ ነበር።

ጋሽ ቸኮል ልጅ የላቸውም። ስለዚህ በጥር 18 የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ወስነዋል። «ስሞት ማን ያበላልኛል? በቁሜ አብልቼ፣ ምርቃቱንም በጆሮዬ ሰምቼ ልሂድ» ይላሉ። የሬሳ ሣጥናቸው ሳንቃዎች አናጢው አያ ፋሩቅ ዘንድ ተቆርጠው ተቀምጠዋል። የክዳኑ ሳንቃ ብቻ ከእኛ ሱቅ ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። የሐበሻ ጽድ ነው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ጉጥ እንኳ የሌለበት። ከወገቡ መካከል በከሰል መስቀል አድርገውበታል።

ወደ አያ ፋሩቅ ያልወሰዱት በየሳምንቱ ሊያዩት ነው። «ሌላው ሳንቃ ጎኔና ጀርባዬ ነው» ይላሉ። «ይኸኛውን ግን እስከ ምጽአት ተንጋልዬ የማየው እኔ ነኝ። መተዋወቅ ይገባናል።» በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ጥቂት ይቀመጣሉ። ከዚያ ተነሥተው ይስሙታል፤ ይሄዳሉ።

እትዬ ሸዋረግ «ስማቸው ቸኮል ነው እንጂ እርሳቸውስ አይቸኩሉም» ይላሉ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጾመ ነቢያት ትናንት ገባ። ሉሊት በስልኬ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ጢማም ፈረንጅ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጣውላ ገዝቶ ቀስት ይሠራል። ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል አልገባኝም፤ እጁ ግን ገባኝ። ጣውላዎችን አንድ በአንድ እያነሣ የእንጨቱን መስመር ያያል፤ ጠማማውን ይመልሳል፤ ጉጥ ያለበትን ይመልሳል። በመጨረሻ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ አንድ ያገኝና ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው ፈገግ ይላል።

የእኛን ሱቅ ጣውላ ሁሉ አገላበጥሁ። ባሕር ዛፉ እንደ ፍየል ቀንድ የተጠማዘዘ ነው። የፈረንጅ ጽዱ ጉጥ ብቻ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ጣውላ በዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። የማን እንደ ሆነ አልጽፍም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

እትዬ ሸዋረግ ባንክ ሲሄዱ መጋዙን አነሣሁ። አራት ጣት ስፋት ብቻ፤ ከዳር። ክዳን ነው እንጂ አልጋ አይደለም። አራት ጣት ቢጎድለው የሚያስገባው ዝናብ የለም፤ መቃብር ውስጥ አይዘንብም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት፤ መጋዙ ግን በየመካከሉ ይጮህ ነበር።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ተሰበረ። ገና ሲባጎውን ሳስርበት። ፈረንጁ የውጭውን ፊት ፈጽሞ እንደማይላገው አሁን ቪዲዮውን ስደግም አስተዋልሁ። እኔ ሁለቱንም ላግሁት፤ እንዲያምር ብዬ።

ነገ ቅዳሜ ነው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቸኮል ከማርያም ንግሥ ሲመለሱ መጡ። በርጩማቸውን አቀረብሁላቸው። ከወትሮው ረዘም አድርገው አዩት።

«እንዳልካቸው፣ መስቀሌ ወደ ዳር ሄዷል» አሉ።

«ገበያተኛ ሲገፋው ይሆናል» አልሁ።

«መስቀሉን?»

«ሳንቃውን።»

«እህ» አሉ። ደግሞ «ከስቷልም» አሉ።

«ውርጩ ነው ጋሼ። እንጨት በውርጭ ይሰበሰባል።»

«ጾምም ገብቷል።»

«አዎን፣ ጾምም ገብቷል።»

ሊስሙት ጎንበስ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ሳሉ፤ ሳንቃውም አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። «አብሽር፣ የእርጅና ነው» ብለውኝ ወጡ። እኔ ግን አልተጽናናሁም። እንዲህ አሰብሁ፦ ዛሬ ማታ ቢሞቱ ዋስ የለኝም፤ ሣጥኑም የሚከደንበት የለውም፤ ክዳኑ ለምን እንዳነሰ የሚጠየቀውም እኔ ነኝ። ሰው በአንድ ሞት ሦስት ጊዜ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጋሽ ቸኮል መሞት የለባቸውም። ከዛሬ ጀምሮ ይህ የእኔ ሥራ ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

የአጃ ሾርባ ሠርቼ በፔርሙዝ ወሰድሁላቸው። ከቀትር በኋላ ነው የሚቀምሱት፤ ደጃቸው ላይ ፔርሙዙን ታቅፌ ጠበቅሁ። ሲከፍቱ ወደ ፔርሙዙ ሳይሆን ወደ ፊቴ አዩ።

«ምን አጠፋህ?»

«ምንም። ብርዱ አሳስቦኝ ነው።»

ቀምሰው «ምንም ካላጠፋህስ ልክ ነው፤ ማር የለውም» አሉ።

ሰው ሲያረጅ ንግግሩ አይያያዝም። ከነገ ጀምሮ ማር እጨምርበታለሁ።

ኅዳር 26፣ ኀሙስ

ሁለተኛውን አራት ጣት ትናንት ቆርጫለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም።

ምክር ፍለጋ አያ ፋሩቅ ዘንድ ሄድሁ። ለምን እንደ ሆነ ሳልነግራቸው እንጨት ሳይሰበር እንዲታጠፍ ምን እንደሚደረግለት ጠየቅሁ። የጋሽ ቸኮል ሣጥን ጎኖች ከኋላቸው ተደርድረዋል። አያ ፋሩቅ የክርስቲያኑን ሣጥን ሁሉ የሚሠሩ እርሳቸው ናቸው፤ ሲሠሩም ይገረማሉ።

«እኛ ስንሞት አንድ ነጭ ጨርቅ ነው» አሉ። «እናንተ ዕቃ ታበዛላችሁ። ወላሂ፣ ሰው ሰማይ ቤት ይዞት የማይገባውን በር ለምን ይገጥማል? ይሁን፣ እንጀራዬ ነው።» ከዚያ እጄን አየት አድርገው «ስንጥር ገብቶብሃል፤ ጽድ ነው» አሉ።

«ባሕር ዛፍ ነው።»

«ባሕር ዛፍ እንዲህ አይቀላም። በል ቅቤ ቀባው፤ እንጨት እንደ ቆዳ ነው፣ ይለዝባል።»

ቅቤ በጾም። ምግቤ አይደለም፤ ነገር ግን ጣቴ ይነካዋል፤ በጣቴም እበላለሁ። ቄሱን ልጠይቅ እስከ ደጀ ሰላሙ ሄጄ፣ «አባ፣ ቀስት ይጾማልን?» ብዬ ስለማመደው አፈርሁና ተመለስሁ። የኑግ ዘይት ቀባሁት። ሱቁ ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸታል። አንዱ ደንበኛ ሚስማር ሊገዛ መጥቶ ሳያስበው ምሳ ጠየቀን።

ታኅሣሥ 3፣ ኀሙስ

ቀስቱን ወደ ልምምድ ወሰድሁት። አዳኙን የሚሠራው ወንድማገኘሁ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ረጅም። ጥርሱ ያምራል ይላሉ፤ እኔ አላስተዋልሁም። ቀስ በቀስ መለማመድ እንዳለበት እየነገርሁት እስከ ጆሮው ድረስ ሳበው። ተሰብሮ ግማሹ አፍንጫውን መታው። እጅግ አዘንሁ። ማዘኔን ደጋግሜ ገለጥሁላቸው፤ ሉሊት «ይበቃል፣ ገብቶናል» እስክትለኝ ድረስ።

ሌላም ነገር ሆነ። ሚዳቋዋን የምትሠራው ልጅ በአራት እግሬ አልሄድም ብላ ተወችው። ሉሊት ዙሪያውን ስታይ ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ።

«አንተ ደንጋጣ ነህ» አለችኝ። «ለሚዳቋ የተፈጠርህ ነህ።»

ከእርሷ አፍ ስለ እኔ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። በምስጋና ተቀብያለሁ።

ስለዚህ አሁን የምሠራው ወንድማገኘሁ ወደ እኔ የሚያነጣጥርበትን ቀስት ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ክፉ ቀን። ጋሽ ቸኮል ዛሬ አልተቀመጡም። ጀርባቸውን ለሳንቃው ሰጥተው እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙና «እይልኝ፤ ትከሻዬ ይወጣል?» አሉ።

በቀኝም በግራም ወጥቶ ነበር።

«ጋቢው ነው ጋሼ» አልሁ።

ጋቢውን አወለቁ። አሁንም ወጣ።

«ሾርባህ ነው» አሉ። «ከክዳኔ አስበልጠህ አወፈርኸኝ። እንግዲህ ወደ ልኬ እስክመለስ ድረስ ከሠርክ በፊት አልቀምስም፤ ማርም የለም።»

እትዬ ሸዋረግ ከሒሳብ ጠረጴዛቸው ቀና ብለው «ሳንቃው ጠቦ ቢሆንስ?» አሉ።

«እንጨት እንዴት ይጠባል?» አሉ ጋሽ ቸኮል። ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። እኔ ሚስማር እቆጥር ነበር፤ ማንም ሚስማር አልጠየቀም።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

አይበሉም። ፔርሙዙን ደጃቸው ላይ ትቼው ስመለስ እንዳለ ነው። ለመንኋቸው። «የቆምሁለትን ልክ ታስጥሰኛለህ?» አሉ። ሳሉ ተመልሷል። ውርጩ ሌሊት ባልዲ ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ አድርጎታል።

እናቴ ደውላ ለጥምቀት እመጣ እንደ ሆነ ጠየቀች። ሥራ በዝቶብኛል አልኋት። ምን ሥራ አለች። አንድ ሽማግሌ በሕይወት አቆያለሁ ልላት አልቻልሁም።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሦስተኛውን ትናንት ከሌላው ዳር ስምንት ጣት አድርጌ ቆረጥሁት፤ መስቀሉ ወደ መካከል እንዲመለስ። ተመልሷል። የተስተካከለው እርሱ ብቻ ነው።

የጎደለውንም ለመሙላት በሁለቱም ዳር የባሕር ዛፍ ቁራጭ በኮላ አጣብቄ፣ ቀለሙ እንዲመሳሰል ቡናማ የጫማ ቀለም ቀባሁበት። ከሩቅ ሲያዩት አይታወቅም። ጋሽ ቸኮል ግን ከሩቅ አይደለም የሚስሙት።

«ሳንቃዬ ጫማ ጫማ ይሸታል» አሉ።

«የእንጨት መከላከያ ነው፤ ለምስጥ።»

«ቡናማ ነው ወይስ ጥቁር ጫማ ያለው ምስጥ?» ብለው ከንፈራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ተለኩ። በእርግጥ ከስተዋል፤ አንገታቸው የሸማኔ ክር መስሏል። ነገር ግን ሌሊቱን ኮላው ሳይደርቅ አንዱ ቁራጭ ተንሸራትቶ ወድቆ ስለ ነበር፣ ዛሬም ትከሻቸው ወጣ።

«ገና ነኝ» አሉ እየተከዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እርሳቸው ከሳንቃው ጋር ለመስተካከል ይቀጥናሉ፤ ሳንቃው ደግሞ ከእርሳቸው ቀድሞ ይቀጥናል። ይህ ውድድር በማን እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ሳንቃ አይሞትም።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

የንስሐ አባታቸውን አግኝቼ፣ ጋሽ ቸኮል ለጤናቸው ሲሉ ከቀትር በኋላ እንዲቀምሱ እንዲያዝዟቸው ለመንሁ። ቄሱ «ለራስህ ንስሐ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉኝ። ከጾሙ በኋላ አልሁ። ለጋሽ ቸኮል ግን አዘዙልኝ። ማርም ተመልሷል።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ሆነ።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልሁም። የውጭውን ፊት አልነካሁም። ሲባጎ አሰርሁበትና በየቀኑ በትንሹ እየሳብሁ፣ የማይታጠፈውን ቦታ ብቻ በሞረድ እየፋቅሁ፣ እንደገና እየሳብሁ ቆየሁ። ወይፈን ሲገራ የሚደረገው እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሞፈር አይጭኑበትም። ዛሬ ሁለቱም ክንፎቹ እኩል ጎበጡ። ጽዱ ቀይ ነው፤ ዳሩ ላይ ነጭ መስመር አለው። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። ምናልባት ከሠራሁት ሁሉ ያላበላሸሁት ይህ ብቻ ነው። ለመሥራት ያበላሸሁትን ሳንቆጥር።

ሱቁ ሲዘጋ አንድ የሸምበቆ ፍላጻ አስፈነጠርሁ። ቆርቆሮውን አልፎ፣ የውሃ ታንከሩን ገጭቶ፣ ጀሶው ከረጢት ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ።

ታኅሣሥ 24፣ ኀሙስ

እትዬ ሸዋረግ የጀሶውን ከረጢት ቀዳዳ አገኙ። «አይጥ ነው» አልሁ። «እንዲህ ክብ አድርጋ የምትበላ አይጥ ትምህርት ቤት የገባች ናት» አሉና ከጎረቤት ድመት ተዋሱ። ድመቷ ከእኔ ጋር ታድራለች። አይጥ የለም። አዝንላታለሁ።

አያ ፋሩቅ ማጣበቂያ ሊገዙ መጥተው ከእትዬ ሸዋረግ ጋር በር ላይ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ጋሽ ቸኮል ዘንድሮ ፊታቸው ጠርቷል» አሉ አያ ፋሩቅ።

«እንዴት አይጠራ? የሚጦራቸው ተገኝቷል።»

«እስከ መቼ ዝም ይሉታል?»

«ሾርባው እስኪያልቅ» አሉ እትዬ ሸዋረግ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። አያ ፋሩቅ እኔ ከሾርባው ጋር ግንኙነት ያለኝ መሆኑን እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ልደት

ጾም ተፈታ። ከእትዬ ሸዋረግ ቤት የተሰጠኝን የዶሮ ፈረሰኛ ለጋሽ ቸኮል ወሰድሁ። አጥንቱን ሳይቀር ጋጡት። ሳል የለም። በደስታ አለቀስሁ፤ «ሚጥሚጣው ነው» አልኋቸው። ሚጥሚጣ አልነበረም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቸኮል ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ ተዝካሩ በዋለ ማግስት አያ ፋሩቅ መጥተው ሳንቃውን ይወስዱና ክዳኑን ይመቱታል። ሁለተኛ፣ ሉሊትን ራሳቸው ሄደው አነጋግረዋታል፤ ድራማው በተዝካራቸው ላይ ይታያል።

«ቀስት ያለበት ነው አሉኝ» አሉ። «እኔ ቀስት አይቼ አላውቅም። ከምን ይሠራል?»

«ከእንጨት» አልሁ።

«ከእንጨት» አሉ፤ እንደ ቅኔ አጣጥመው።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦት ሸኘን። ደከመኝ። ሉሊት ነጭ ለብሳ ነበር። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቸኮል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንቃቸውን ሊጠይቁ አልመጡም፤ ዳስ እያስጣሉ ነው። እኔ ግን ከፊቱ ቆምሁ። ያጣበቅሁት ሁሉ ወድቆ የቀረው አንድ ስንዝር ከምናምን ነው። ከዚህ ክዳን ሥር ሊተኛ የሚችለው በጎኑ የሚተኛ ሰው ብቻ ነው።

ልብሴን ጠቅልያለሁ። የአቀስታ መኪና ንጋት ላይ ይነሣል። ከአቀስታ ወዲያ በእግርም ቢሆን ሀገሬ እገባለሁ። አራተኛ ክፍል ይዤ ወጣሁ፤ አራተኛ ክፍል ይዤ እመለሳለሁ። ዋሴን አዋርጄ።

ነገር ግን ሚዳቋዋ እኔ ነኝ። ሚዳቋ ከሌለ ወንድማገኘሁ ምን ሊያሳድድ ነው? ሉሊት ባዶ ዳስ ውስጥ የሚሮጥ አዳኝ ይዛ ትቀራለች። ይህን ላደርግባት አልችልም። ከድራማው በኋላ እሄዳለሁ። የሚዳቋነት ልብሴን፣ የፍየል ቆዳውን፣ እንደ ለበስሁ ቢሆንም።

ጥር 18፣ እሑድ

ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ እጽፋለሁ።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። ካህናቱ በአንድ ወገን፣ የእድሩ ሰዎች በሌላው፣ የሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ በተሠራላቸው ማዕድ፤ አያ ፋሩቅም እዚያ ነበሩ። ጋሽ ቸኮል አዲስ ጋቢ ለብሰው ከመካከል ተቀምጠው ምርቃታቸውን ይሰሙ ነበር። አንዱ ቄስ ሲመርቁ «ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ» ብለው ተሳሳቱና «ገና ናቸው፣ ይቆዩ» ብለው አረሙ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልሁ።

ከዚያ ድራማው። ባሕታዊው ከዳሱ ጥግ ካባውን ለብሶ ተቀምጧል። እኔ በአራት እግሬ ገባሁ፤ ከራሴ ላይ ሁለት የሸምበቆ ቀንድ። ልጆች ሳቁ። ወንድማገኘሁ ቀስቱን ይዞ ከኋላዬ ገባ። በዳሱ ሁለት ጊዜ ከዞርን በኋላ ቆሞ ማነጣጠር ነበረበት። ቆመ። ሳበው። ጽዱ ጎበጠ፤ ያ የማውቀው ድምፁ፣ ስስ ጩኸት፣ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዝም አለ።

በዚያ ዝምታ መካከል ጋሽ ቸኮል፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፦

«ቀስ በል ልጄ፤ ክዳኔ ነው» አሉ።

ወንድማገኘሁ ቀስቱን እንደ ሳበ ደረቀ። ባሕታዊው የሚለውን ረሳ። በመጀመሪያ የሳቁት አያ ፋሩቅ ናቸው፤ ከዚያ እትዬ ሸዋረግ ጠላቸውን እየደፉ፤ ከዚያ ዳሱ በሞላ። ሁሉም ያውቅ ነበር። ካህናቱ ሳይቀሩ። ያላወቅሁት ያወቁ መሆናቸውን ነው፤ ያንንም ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሮጥሁ። ወደ ባሕታዊው ካባ መሮጥ ነበረብኝ። እግሬ ግን፣ ማለትም እጄና እግሬ፣ ወደዚያ አልወሰዱኝም። ከጋሽ ቸኮል ጋቢ ሥር ገባሁ።

ጨለማ ነበር፤ ማርና አብሽ ይሸታል። ከላይ እጃቸውን በቀንዶቼ መካከል አኖሩ።

«ማሩን ሳትከራከር ስትጨምረው ነው የገባኝ» አሉ ዝቅ ብለው። «ዋስ የሆንሁለት ሰው ማር ሲያመጣልኝ አንተ ሁለተኛህ ነህ። የመጀመሪያው በሬዬን ሸጦ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

«ሾርባው ጥሩ ነበራ። ደግሞስ በእኔ መሞት እንዲህ የተጨነቀ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረኝም። ዝም በል አሁን፤ ሰው ያየናል።»

ከዚያ ቀና ብለው፣ የባሕታዊውን ቃል ማንም ሳያስተምራቸው፣ «አዳኝ ሆይ፣ ከእኔ ጋቢ ሥር የገባ አይወጋም» አሉ። ወንድማገኘሁ ቀስቱን ጣለ። በቀስታ አኖረው ማለት ይሻላል፤ «ክዳኔ ነው» ያሉት ሳያስፈራው አልቀረም። ሕዝቡ እልል አለ። ባሕታዊው ካባውን እንደ ለበሰ ሥራ ፈትቶ ቀረ።

ስንወጣ ሉሊት አጠገቤ መጣች። «ያን ማን ጻፈልህ?» አለች።

«ማንም» አልሁ። «ደንግጬ ነው።»

«አልኩህ አይደል» አለችና ከጉልበቴ ላይ የጨፌውን ሣር አራገፈችልኝ።

የጠቀለልሁትን ልብስ ፈትቼ ሰቅያለሁ።

ጥር 19፣ ሰኞ

አያ ፋሩቅ ሳንቃውን ሊወስዱ መጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያዙት፤ ከዚያ አንዱን እጅ ለቀቁት፤ አላስፈለገም። «ይህ ክዳን ነው ወይስ መቀነት?» አሉ።

እትዬ ሸዋረግ ፊታቸውን አጥብቀው ለጋሽ ቸኮል «የዋስትናው ነገር እንዴት ይሁን?» አሉ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ነበር። ሳላስበው እጄ ከላዩ አልተነሣም።

«ዋስትናዬ እንዳለ ነው» አሉ ጋሽ ቸኮል። «ክዳን የሌለው ሣጥን ውስጥ የሚገባ ማን ነው? ዓይኔ ላይ አፈር ሊወርድ? ጉጥ የሌለው የሐበሻ ጽድ እስኪገኝ ድረስ የትም አልሄድም። ዋሱም እኔው ነኝ።»

«እርሱ እኮ ከእንግዲህ አይገኝም» አሉ እትዬ ሸዋረግ።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ ጋሽ ቸኮል፤ ብዙ ያዘኑ አይመስሉም ነበር።

ቀስቱን ሳንቃው በነበረበት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

በጠዋት ከደጎሎ በኩል የጭነት መኪና ጣውላ ይዞ መጣ። ብቻዬን አራገፍሁት። ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድ፤ ከሥር ደግሞ አንድ ቀይ፣ ሰፊ፣ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ። በመዳፌ ዳሰስሁት። አንድ ጉጥ የለውም። ዳሩ ላይ ነጭ መስመር አለው።

ጎትቼ ከግድግዳው ጋር አስጠጋሁት፤ ባሕር ዛፉን ሁሉ በላዩ ደረደርሁበት። ወገቤን አመመኝ።

ጋሽ ቸኮል በሰዓታቸው መጡ። ከቀስቱ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲባጎውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ የደረደርሁትን ክምር ከላይ እስከ ታች አዩ፤ ከሥር ትንሽ ቀላ ያለ ጫፍ ወጥቶ እንደ ነበር እኔም ያን ጊዜ አየሁ።

«ዛሬም ጥሩ ጣውላ አልመጣም?» አሉ።

«አልመጣም ጋሼ።»

በእግራቸው ያን ጫፍ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ገፉት።

«እንግዲያው ሾርባዬን አምጣ» አሉ።